12 ዓመት ተምሮ የአንድ መኪና ጤፍ ሒሳብ ለምን ያቅታል?

መቼም በነጋዴ ሰፈር ‹‹የተማረ ሰው ጠፋ›› እና ‹‹ተምሮስ ምን ሊሠራ ነው?›› የሚሉትን ሁለት አባባሎች ከአንድ ሰው አፍ በአንድ ቀን መስማት የተለመደ ነው። ጠዋት ሒሳብ የሚይዝለት ሠራተኛ ሲፈልግ የመጀመሪያውን ይላል። ማታ ልጁ የፈተና ውጤት ይዞ ቤት ሲገባ ሁለተኛውን ይላል። ሁለቱም አባባሎች ግማሽ እውነት አላቸው። ገንዘብ የሚያስከፍለን ግን የተረፈው ግማሽ ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። መደበኛ ትምህርት ሰውን ለሥራና ለአዋቂነት ኑሮ ያዘጋጃል ወይስ አያዘጋጅም? የሚል ነው። ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የምንከራከረው አዲስ አበባ ተቀምጠን፣ ስለ ዲግሪና ስለ ማስተርስ ነው። ክርክሩን ወደ ምሥራቅ ጎጃም፣ ወደ መርጡለ ማርያምና ወደ አካባቢዋ ወስደን ብናየው ነገሩ ይበልጥ ይጠራል የሚል እምነት አለኝ። ምክንያቱም እዚያ አገር ሦስት ትምህርት ቤቶች ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንዱ የቅኔ ቤቱ ነው፤ ሁለተኛው የመንግሥት ት/ቤቱ፤ ሦስተኛው ደግሞ ገበያው። ሦስቱም ያስተምራሉ፤ እርስ በርሳቸው ግን አይነጋገሩም።

ከመርጡለ ማርያም እስከ እህል በረንዳ

መርጡለ ማርያም የእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር ከሚዘልቀው መንገድ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አባይ ሸለቆ በኩል ወጣ ብላ ትገኛለች። የታሪክ ሰው በጥንታዊው ደብሯና ከንግሥት እሌኒ ጋር ተያይዞ በሚነሳው ስሟ ያውቃታል። የመርካቶ እህል በረንዳ ሰው ደግሞ አካባቢውን የሚያውቀው በጤፉ ነው። ቢቸና ሲባል ለደላላው መጀመሪያ የሚታየው የጤፍ ጆንያ ነው።

እንግዲህ አንድ የዚያ አካባቢ ልጅ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ ሳይመጣለት ቀርቶ፣ የአጎቱን ገንዘብ ይዞ ወደ እህል ንግድ ገባ እንበል። የምንጠቀምባቸው ቁጥሮች ለሒሳብ እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው፤ የዛሬ ገበያ ዋጋ ተደርገው አይወሰዱ።

ልጁ 100 ኩንታል ነጭ ጤፍ በኩንታል 10,000 ብር ገዛ። ማጓጓዣ በኩንታል 250 ብር፣ ጫኝና አውራጅ 50 ብር፣ ደላላ 30 ብር ከፈለ። ደመረና አንዱ ኩንታል 10,330 ብር ፈጀብኝ አለ። አዲስ አበባ ላይ በ10,500 ብር ሸጠ። በኩንታል 170 ብር፣ በጠቅላላው 17,000 ብር አተረፍኩ ብሎ ወደ አገሩ ተመለሰ። አጎቱም መረቀው።

አተረፈ ወይ? ሁለት ነገር ረስቷል። አንደኛ፣ ጤፉ ሲነፋ የሚወጣው እብቅና አፈር፣ በመንገድ የሚፈሰውና በሚዛን ልዩነት የሚጎድለው ተደማምሮ 2 በመቶ ቢሆን፣ የሸጠው 100 ሳይሆን 98 ኩንታል ነው። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ በዓመት 18 በመቶ ወለድ የሚከፈልበት ብድር ቢሆንና አንድ ወር ቢይዘው 15,000 ብር ወለድ አለበት። ጠቅላላ ወጪው 1,048,000 ብር ነው። ከ98 ኩንታል ያገኘው ሽያጭ ደግሞ 1,029,000 ብር ነው። 17,000 አተረፍኩ ያለው ልጅ 19,000 ብር ከስሯል። ሳያተርፍና ሳይከስር ለመውጣት ብቻ አንዱን ኩንታል ወደ 10,694 ብር መሸጥ ነበረበት።

የዚህ አምድ አንባቢ ይህንን ሒሳብ በእንቅልፍ ልቡም ይሠራዋል። ልብ ማለት የሚገባን ሌላ ነገር ነው። እዚህ ሒሳብ ውስጥ ከመደመር፣ ከመቀነስ፣ ከማባዛት፣ ከማካፈልና ከመቶኛ በስተቀር ምንም የለም። ሁሉም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ነው። ልጁ ግን 12ኛ ክፍል ደርሷል። የሁለተኛ ዲግሪ እኩልታ ፈትቷል፤ ትሪጎኖሜትሪ ተምሯል። መቶኛን ያውቃል። የማያውቀው መቶኛ የሚባለው ነገር ጆንያው ውስጥ መኖሩን ነው።

ስለዚህ ‹‹ትምህርት ቤት ምንም አላስተማረውም›› የሚለው ክስ ውሸት ነው። መሣሪያውን ሰጥቶታል፤ ሥራውን ግን አንድም ቀን አላሳየውም። ገበያው ደግሞ ሥራውን ያሳየዋል፤ ምክንያቱን ግን አይነግረውም። ሱቅ የሚላላክ ልጅ ጌታው ለምን ዛሬ እንደገዛና ለምን ነገ እንደማይገዛ በዓይኑ እያየ አምስት ዓመት ሊቆይ ይችላል። የሚያስረዳው የለም። እንዲያውም የሚያስረዳ ነጋዴ ነገ ተፎካካሪ እንዳሳደገ ይቆጠራል።

ከመነሻው ለማን ተሠራ?

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። ዘመናዊ ትምህርት ቤት በአገራችን በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ት/ቤት ሲጀመር ዓላማው ግልጽ ነበር። መንግሥት ከውጭ አገር ሰዎች ጋር የሚነጋገርለት አስተርጓሚ፣ ደብዳቤ የሚጽፍለት ጸሐፊ ያስፈልገው ነበር። በ1917 የተከፈተው ተፈሪ መኮንን ት/ቤትም ሆነ ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተስፋፉት ት/ቤቶች ተመራቂ በአብዛኛው የሚሄደው ወደ መንግሥት መ/ቤት ነበር። ለዚያ ሥራ ትምህርቱ በሚገባ አዘጋጅቶታል። ‹‹የተማረ ይግደለኝ›› የተባለው በዚያ ዘመን ነው። የተማረ ሰው ማለት ወንበር ያለው፣ ደመወዝ የማይቋረጥበት፣ ጡረታ ያለው ሰው ነበርና።

ወንበሩ አለቀ፤ ትምህርት ቤቱ ግን ዛሬም የሚያዘጋጀው ለወንበር ነው። በ1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተማሪውን ከ10ኛ ክፍል በኋላ ለሁለት ከፈለው። አንዱ ወደ መሰናዶ፣ ሌላው ወደ ቴክኒክና ሙያ። በወረቀት ላይ መልካም ሐሳብ ነበር። ሕዝቡ ግን ቴክኒክና ሙያን ‹‹የወደቁት የሚሄዱበት›› ብሎ ተረጎመው። ወላጅ ልጁን ወደዚያ ሲልክ እንደ ሐዘንተኛ ሆነ። ብየዳ ወይም አናጢነት የሚማረው ልጅም ራሱን የቆጠረው እንደ ባለሙያ ሳይሆን እንደ ተረፈ ሰው ነው።

አሁን ደግሞ ቁጥሩን እንይ። በጥቅምት 2015 በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ የተሰጠውን የ12ኛ ክፍል ፈተና 896,520 ተማሪዎች ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። ይኸውም 3.3 በመቶ ነው። በቀጣዩ የ2015 ፈተና 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። በ2017 ፈተና ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። መሻሻሉ ደስ ይላል። ነገር ግን በተሻለው ዓመትም ቢሆን ከ100 ተማሪ 91ዱ ከበሩ መለስ ቀርቷል ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ ከእነሱ የተወሰኑት በአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም ሌላ ዕድል አግኝተዋል።

ብዙ ሰው እነዚህን ቁጥሮች ሲሰማ የሚጠይቀው ‹‹ለምን ወደቁ?›› ብሎ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ለእኛ ለገበያ ሰዎች ግን ከዚያ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ። የወደቀው ልጅ 12 ዓመት ተቀምጦ ይዞት የወጣው ነገር ምን ዋጋ አለው? አንድ ፋብሪካ ከሚያመርተው 100 ዕቃ 8ቱን ብቻ ሸጦ ሌላውን ሜዳ ላይ ቢበትን፣ ጥራቱን ከመጠየቃችን በፊት የተቀረው ለምን ገዢ እንደሌለው እንጠይቅ ነበር። ልጅ ዕቃ አይደለም፤ በዚህ ምክንያት ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

‹‹ለእነሱ እጅ ሥራ፣ ለኛ ዲግሪ›› አይሠራም

‹‹እንግዲያው መፍትሔው ቀላል ነው፤ የገጠሩ ልጅ ገና በጊዜ ሙያ ይማር፤ ለምን በአልጀብራ ይደክማል?›› የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ ሐሳብ በአገራችን ተሞክሯል፤ የገጠመውንም እናውቃለን።

በ1964 የተጠናው የትምህርት ሴክተር ሪቪው አንዱ ሐሳቡ ይኸው ነበር። ለብዙኃኑ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ከኑሮውና ከግብርናው ጋር ተያይዞ ይሰጥ፣ ወደ ላይኛው ደረጃ የሚያልፈው ጥቂት ይሁን የሚል ነው። ከገንዘብ አንፃር ሲታይ የሚያስኬድ ሒሳብ ነበር። ወሬው ሲሰማ ግን መምህራኑም ወላጁም ተቆጡ። ደኻው ‹‹የኔን ልጅ ማረሻ ላይ ሊያስቀሩት ነው፤ የሹሙ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነው›› አለ። መምህራን በየካቲት 1966 ሥራ አቆሙ። የታክሲ ነጂዎች በነዳጅ ዋጋ ካነሱት አድማ ጋር ተገናኝቶ ከተማው ተናወጠ። መንግሥት ዕቅዱን ለማቆየት ተገደደ። ከወራት በኋላ መንግሥቱ ራሱ አልነበረም።

ከዚህ የምንማረው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ወላጅ የሙያ ትምህርትን ጠልቶ አይደለም። የጠላው የሚዘጋ በርን ነው። የእጅ ሥራ መማር ወደ ላይ የሚያስኬደውን መንገድ የሚዘጋ እስከሆነ ድረስ፣ ማንም አባት አንድ ከመቶ ዕድል ቢኖረው እንኳ ልጁን በዚያች ዕድል ላይ ያስይዛል። ነጋዴም ቢሆን ያደርገዋል። ሌላውን ‹‹ሙያ ይሻላል›› እያለ ይመክርና የራሱን ልጅ ግን የግል ት/ቤት ከፍሎ ለዲግሪ ያዘጋጃል።

ስለዚህ የሚያዋጣው ት/ቤቱን ለሁለት መክፈል አይደለም። የሚያዋጣው የሚያልፈውም የማያልፈውም ልጅ ተምሮ ሲወጣ አንድ የሚሸጥ ችሎታ በእጁ ይዞ እንዲወጣ ማድረግ ነው። መቶኛን በጆንያ ላይ የተማረ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ቢገባ ምንም አይጎድልበትም፤ ባይገባ ግን ዳቦው ናት።

የቅኔ ቤቱ የያዘው ምስጢር

ወደ ምሥራቅ ጎጃም እንመለስ። ከቢቸና አጠገብ ያለው ዲማ ጊዮርጊስ ስሙ የገነነ የቅኔ አገር ነው። የ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር›› ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው የቤተ ክህነት ት/ቤቶች መካከል ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ይገኙባቸዋል። ‹‹ኋላ ቀር›› እያልን ያለፍነው ይህ ትምህርት ቤት፣ ዘመናዊው እስከ ዛሬ ያላገኘው አንድ ነገር አለው።

የቅኔ ተማሪ ግሱንና አገባቡን ያጠናል። ግን እሱን ጨርሶ፣ ተፈትኖ፣ ወረቀት ይዞ ከዚያ በኋላ ቅኔ ሊቆጥር አይጠብቅም። በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል። እሷን ሲችል ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ያልፋል፤ እንዲህ እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። በየደረጃው ራሱ ፈጥሮ፣ መምህሩ ፊት ቆሞ፣ ባልንጀሮቹ እየሰሙት ያቀርባል። የትናንቱን ዛሬ ይዞ መቅረብ ነውር ነው። ሌላው የተናገረውን ቢያመጣማ መሳቂያ ይሆናል። መምህሩ እዚያው ያርመዋል። ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስጠናል። በኋላም በበዓል ቀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሕዝብ በተሰበሰበበት ይቀኛል። ፈተናው ሥራው ራሱ ነው።

በነጋዴ ቋንቋ ብንተረጉመው፣ የቅኔ ቤት ተማሪ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ትንሽም ብትሆን የተሟላች ዕቃ ያመርታል። የዘመናዊው ት/ቤት ተማሪ ግን 12 ዓመት ጥሬ ዕቃ ሲያከማች ይኖርና አንድም ቀን ሳያመርት መጋዘኑ ይዘጋል።

ይህን ስል ያንን ዘመን ለማሞገስ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ቁራሽ ለምኖ፣ ውሻ እያባረረው የሚማር ነበር፤ በረሃብና በበሽታ መንገድ የቀረውን ማን ቆጠረው? ሴት ልጅ እንደ ቅኔ መምህርቷ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያለች ብርቅ ካልሆነች በስተቀር በዚያ በር አልገባችም። ሥራውም ቢሆን ከደብር አገልግሎት እምብዛም አይርቅም ነበር። መውሰድ የሚገባን የአስተማማሩን ዘዴ ነው። ትንሽ ዕውቀት፣ ወዲያው ሥራ ላይ፣ ከሚያርም ሰው ፊት። ለመቶኛም፣ ለብየዳም፣ ለሒሳብ መዝገብም ይሠራል።

ዋስ ሆኖ የፈረመው ልጅ

እስካሁን ስለ ሥራ አወራን። ‹‹ትምህርት ለእንጀራ ብቻ አይደለም፤ ሰው ለማድረግ ነው›› ለሚለን ሰው በሙሉ ልብ እንስማማ። ታዲያ ሰው ለማድረግስ አዘጋጅቷል ወይ?

አዋቂ ሰው በአገራችን ከሚያደርጋቸው ከባድ ነገሮች አንዱ ለሌላው ዋስ መሆን ነው። ‹‹ወንድሜ ነው፣ ጓደኛዬ ነው›› ብለን እንፈርማለን፤ ከዚያ ቤታችን ይሸጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለዚህ ጉዳይ ግልጽ ነገር አለው። በአንቀጽ 1922 መሠረት ዋሱ ኃላፊ የሚሆንበት የገንዘብ ልክ በውሉ ውስጥ ካልተገለጸ ዋስትናው ዋጋ የለውም። በአንቀጽ 1727 መሠረት ደግሞ በጽሑፍ እንዲሆን ሕግ የሚያስገድደው ውል በሁለት ምስክሮች ፊት ካልጸና አይቆምም። ሁለት ዓረፍተ ነገር ናቸው። ስንቱን ቤት ባዳኑ ነበር! ልጁ ግን በሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ ሕገ መንግሥቱ 106 አንቀጾች እንዳሉት ሸምድዷል። ዋስ ሲሆን ምን እንደሚፈርም የነገረው የለም።

የቋንቋውም ነገር አለ። ልጁ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። የሽርክና ውሉ፣ የኪራይ ውሉ፣ የወረዳው ፍርድ ቤት ክስ፣ የግብር ማስታወቂያው ግን በአማርኛ ነው። ወለድን በእንግሊዝኛ ቀመር ያውቀዋል፤ የባንክ ብድር ውል ሲሰጡት ግን ‹‹የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ››፣ ‹‹ያልተነጣጠለ ኃላፊነት›› የሚሉት ቃላት እንግዳ ይሆኑበታል። እንግሊዝኛው ይቅር አላልኩም። ለሚያልፈው ያስፈልገዋል። ለሁሉም የሚያስፈልገው የአማርኛ ውል ግን በምንም ክፍለ ጊዜ ውስጥ የለም።

በቅርብ ዓመታት በተቀየረው ሥርዓተ ትምህርት ኢኮኖሚክስ ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ሁሉ መሰጠቱ፣ በ11ኛና 12ኛ ደግሞ ከሙያ ጋር የተያያዙ ትምህርቶች መግባታቸው የሚመሰገን ነው። መጽሐፉ መልካም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ብየዳን ያለ መበየጃ፣ ንግድን ያለ ገበያ ካስተማርነው የስም ለውጥ ብቻ ይሆናል።

ያልተማረው ባለሀብትና የተዘጋው ት/ቤት

እዚህ ላይ ደርሰው ‹‹እገሌ ሳይማር ሕንፃ ሠርቷል›› የሚሉ አንባቢ ይኖራሉ። እውነት ነው፤ ሠርቷል። ነገር ግን ሳይማር የከበረው ሰው ሕንፃው ከሩቅ ስለሚታይ እናየዋለን። በጣት አሻራ ፈርሞ የተበላው፣ መዝገብ ባለመያዙ ግብሩ በግምት ተወስኖበት ሱቁን የዘጋው ግን ስለማይታይ አንቆጥረውም። በተጨማሪም ዘመኑ ተለውጧል። ከግንቦት 2013 ወዲህ ቴሌብር መጥቷል፤ ክፍያው በስልክ፣ ደረሰኙ በማሽን፣ ብድሩ በሰነድ ሆኗል። በ2011 የወጣው አዋጅ እህልና ከብትን የመሰለ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። ይህንን በር የሚከፍተው ማንበብ የሚችል ነጋዴ ነው። በቃሉ ብቻ ሲነግድ የኖረው አባት ብልህ ነበር፤ ልጁን ግን በቃል ብቻ ንግድ አያስረክበውም።

ሌላም የሚከብድ ነገር አለ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ጦርነት ምክንያት ሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ምሥራቅ ጎጃም ከባድ ጉዳት ከደረሰባቸው ዞኖች አንዱ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ‹‹ትምህርት ምን ይሠራል?›› ማለት የሚያጽናና ይመስላል፤ አደገኛ ነገር ነው። ት/ቤቱ የተዘጋበት ልጅ ‹‹ጉዳት የለውም፣ ይነግዳል›› ተብሎ ሊታለፍ አይገባም። መቶኛን ሳይማር ገበያ የገባ ልጅ፣ ተምሮ ካልተጠቀመበት ልጅ የባሰ ተበዪ ነው። የመጀመሪያው ተጠቃሚ ደግሞ ርካሽ ጉልበት የሚፈልግ ሰው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያለውም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ይደነግጋል። ‹‹ሙያ እያስተማርኩት ነው›› የሚለው ቃል ይህን ለመጣስ ሽፋን እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል።

ነጋዴው ምን ያድርግ?

የት/ቤቱን ጉዳይ ለትምህርት ሚኒስቴር ትተን መውጣት እንችል ነበር። ይሁን እንጂ ሥራውን የሚያውቀው ሚኒስቴሩ ሳይሆን እኛ ነን። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናው መመሪያ ከመቶ 70ውን በተግባር፣ 30ውን በንድፈ ሐሳብ የሚል ሆኖ የትብብር ሥልጠና የሚባል ነገር ከተጀመረ ቆይቷል። ተግባሩ የሚከናወነው በድርጅቶች ውስጥ ነው። ድርጅቶቹ ግን ሠልጣኙን ቡና ሲያላልኩና መጋዘን ሲያስጠርጉ ከርመው ‹‹በሚገባ ሠልጥኗል›› ብለው ማኅተም የሚመቱበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚህ ማኅተም ራሳችንን ነው የምናታልለው። ነገ ሠራተኛ ብለን የምንቀጥረው እሱኑ ነውና።

በበኩሌ ገንዘብ የማይጠይቁ አራት ነገሮችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በቢቸና፣ በሞጣና በመርጡለ ማርያም ያሉ እህል ነጋዴዎች የገበያ ቀኑን የጤፍ፣ የስንዴና የባቄላ ዋጋ ለአቅራቢያቸው ት/ቤት ይስጡ። የሒሳብ መምህሩ የመቶኛን ትምህርት በዚያ ዋጋ ያስተምር። ለአንድ የመማሪያ ክፍል ከአንድ ገጽ ወረቀት አይበልጥም።

ሁለተኛ፣ ደላሎች የሚያውቁትን ይናገሩ። ማኛውን ከነጭ፣ ነጩን ከሰርገኛ በእጅ ጭብጥ የሚለየው ዕውቀት በየትኛውም መጽሐፍ ውስጥ የለም። በዓመት አንድ ቀን ት/ቤት ሄዶ ማሳየት ገበያ አያሳጣም። እንዲያውም ጥራት የሚያውቅ ገበሬ ሲበዛ የተቀላቀለ ጤፍ ይቀንሳል፤ ደላላውም ከጭቅጭቅ ያርፋል።

ሦስተኛ፣ ሲቀጥሩ ወረቀት ከመጠየቅ በፊት ይፈትኑ። ለገንዘብ ያዥ ሥራ ዲግሪ የሚጠይቅ ነጋዴ፣ የ8ኛ ክፍል ሒሳብ ለሚበቃው ሥራ የአራት ዓመት ትምህርት እያስከፈለ ነው። ወላጅ ልጁን ለወረቀት የሚያስጨንቀው እኛ ወረቀት ስለምንጠይቅ ነው። ገዢው ሲለወጥ ሻጩም ይለወጣል፤ ይህንን ሕግ ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

አራተኛ፣ ለማጅ ሲይዙ የሚማረውን ነገር በጽሑፍ ያድርጉት። በመጀመሪያው ወር የገቢና የወጪ መዝገብ፣ በሁለተኛው የዱቤ አያያዝ፣ በሦስተኛው አንድ ሙሉ ጭነት ከግዢ እስከ ሽያጭ ብቻውን አስልቶ ያቅርብ። እንደ ቅኔ ቤቱ፣ እርስዎ ፊት ቆሞ። ከተሳሳተ እዚያው ያርሙት። ተፎካካሪ ያፈራሁ መሰለኝ ብለው አይስጉ። ሒሳብ የማያውቅ ተፎካካሪ ነው ገበያ የሚያበላሸው፤ ከስሮ እየሸጠ አተረፍኩ የሚለው እሱ ነውና።

ትምህርት ቤቱ ብቻውን ሰውን ለሥራ አላዘጋጀም፤ ብቻውን ያዘጋጃል ብሎ የጠበቀም ተሳስቷል። ገበያውም ብቻውን አላዘጋጀም። መሣሪያውን የያዘውና ሥራውን የያዘው ሳይገናኙ ከ1900 ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። የሚያገናኛቸው አዋጅ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም።

የሚቀጥለው የፈተና ውጤት ሲወጣ ከብዙዎቹ ያላለፉ ልጆች አንዱ ወደ መጋዘንዎ ይመጣ ይሆናል። ‹‹ስንት አመጣህ?›› ብለው ከመጠየቅዎ በፊት እርሳስና ወረቀት ይስጡትና የ100 ኩንታል ጭነት ያሠሩት። እብቁንና ወለዱን ከረሳም አይመልሱት። የረሳው ማንም ስላልነገረው ነው፤ እርስዎ ይንገሩት።